የጨፌው መሐል

ኦቦ ጂሬኛ ከነሐሴ ወዲህ ጨፌውን አቋርጠው አያውቁም ነበር። ከደጃፋቸው ተነሥቶ በጨፌው መሐል ወደ ወፍጮ ቤት ለሚሄድ ሰው አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ እሳቸው ግን ሦስት ወር ሙሉ በአስፋልቱ ዳር ሲዞሩ ከረሙ። ለጠየቃቸው ሁሉ የሱሉልታ ጤዛ ለጉልበታቸው እንዳልተስማማ ይናገራሉ። ጤዛውንስ ሲያርሱበት የኖሩት ነው። ጨፌውን የሸሹት ግን ባለቤታቸው አዴ ገለቴ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሲያርፉ የለቅሶው ድንኳን የተተከለው እዚያ ጨፌው መሐል ስለነበረ ነው።

በዚያ ሰፈር ድንኳን የሚቆምበት ሌላ ቦታ የለም። ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ መተላለፊያው ሁለት አህያ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳኑን ተሸክሞ ወደ ጨፌው ይወርዳል። በበጋ ደግ ነው። የገለቴ ለቅሶ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ወረደበት። ጭድ ቢያነጥፉ ጭዱ ሰመጠ፤ ሳንቃ ቢደረድሩ ሳንቃው ተንሳፈፈ፤ በሁለተኛው ቀን አንዱ ምሰሶ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ድንኳኑ በለቀስተኛው ትከሻ ላይ አዘመመ። ከጫንጮ የመጡት የገለቴ እኅቶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሲገቡ ኦቦ ጂሬኛ አዩ። ራሳቸው የእድሩ ዳኛ ሆነው ሳለ፣ አርባ አንድ ዓመት አብረው የኖሩትን ሰው በወጉ ያልሸኙ መሰላቸው። ይህን ለማንም አልተናገሩም።

በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ አንዲት ወጣት ሴት ጨፌው ላይ ገመድ ስትጎትት አዩ። ካስማ ትመታለች፣ ትራመዳለች፣ ትጽፋለች። በሱሉልታ ጨፌ ላይ ገመድ የሚጎትት ሰው ወይ ከብት ጠፍቶበታል፣ ወይ መሬት ሊሸጥ ነው። ከብት ደግሞ አልታያቸውም። የተሸከሙትን ዱቄት መንገዱ ዳር አኖሩና ሳያስቡት ሣሩን እየረገጡ ገቡ።

«ማን ነሽ? ማንስ ላከሽ?» አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸውና ፈገግ አለች። «አካም ቡልተኒ ኦቦ ጂሬኛ? ሚንሃ ነኝ እኮ፤ የአብዶ ልጅ።»

አብዶ የማዕዘኑ ባለ ሱቅ፣ የእድሩም አባል ነው። ኦቦ ጂሬኛ አፈሩ። የእናቷን፣ የአባቷን፣ የወንድሞቿን ደኅንነት ተራ በተራ ጠየቁና ነገሩን ለማለሳለስ «ደላላ መስለሽኝ ነው» አሉ።

«ደላላ ብሆን ኖሮ በዚህ ብርድ በጠዋት እነሣ ነበር? እስከ አራት ሰዓት ተኝቼ በስልክ እጨርሰው ነበር እንጂ።»

ሚንሃ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የከተማ ፕላን ተምራ፣ ከከተማው ጽሕፈት ቤት ሥራ ይዛ ከተመለሰች ገና ሰባት ወሯ ነበር። ጨፌው ለመናፈሻ መከለሉን፣ በጽሕፈት ቤቱም የተነደፈ ሥዕል መኖሩን ነገረቻቸው። እሷ ግን ሥዕሉ ከመጽደቁ በፊት የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ የራሱን እንዲነድፍ አለቃዋን አንድ ወር ለምና አስፈቅዳለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእድሩ አዳራሽ ስብሰባ አለ። ዳኛው ካልመጡ ሰው እንደማይመጣ አውቃ ልትጠራቸው ስታስብ ነበር።

«እኔን ተይኝ» አሉ ኦቦ ጂሬኛ። «እናንተ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው የምትጠሩን። ለማጨብጨብ ደግሞ እጄ ደክሟል።»

«አልጨረስንም አልኩ እኮ።»

«መናፈሻ ሥራ ለሌለው ሰው ነው፣ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ። ሽማግሌ ወይ ደጁ ላይ ይቀመጣል፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን። መንገድ ዳር አግዳሚ ላይ ተጎልቶ የሚውል ሰው ምን ይባላል? ቤቱ ያባረረው።»

«ድሮ ደጅ ነበረ፤ አሁን የማን ደጅ ነው የቀረው? ከደጃፍዎ ሁለት እርምጃ ቢወጡ የሌላ ሰው አጥር ነው። እናቶቹ ልጆቻቸውን አስፋልቱ ዳር ነው የሚያጫውቱት፤ ከጫንጮ የሚመጣውን ሲኖትራክ ያውቁታል።»

ያውቁታል። ሌላ ወቀሳ አነሡ። «የቦኖ ውኃ ሠራንላችሁ ብላችሁ ረግረግ ውስጥ ከታችሁት የለ? ዛሬ ዳክዬ እንኳ አይጠጣበትም። መናፈሻውንም እዚያው አጠገቡ አድርጉት፤ ይጨዋወታሉ።»

ሚንሃ አልተቆጣችም። «ያኔ የሠሩት ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ክረምት ውኃው የት እንደሚተኛ አያውቁም። ከሰፈሩ የነገራቸው ሰው ነበረ?»

ኦቦ ጂሬኛ ዱቄታቸውን ዞር ብለው አዩት።

ሚንሃ ዩኒቨርሲቲ ሳለች አንድ አስተማሪዋ አሜሪካ ሲኖሩ አይተው የነገሯትን አጫወተቻቸው። ቻይናውያን ሽማግሌዎች በሚበዙበት አንድ ሰፈር ባለሙያዎች ለመናፈሻ ያማረ ሣርና አበባ ነድፈው አመጡ። ሽማግሌዎቹ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ዝም አሉ። ኋላ አንድ ብልህ ሰው ጠረጴዛ ላይ እንጨት፣ አዝራር፣ ክርና ቆርኪ አፍስሶ የሚፈልጉትን በእጃቸው እንዲሠሩ ሰጣቸው። ሽማግሌዎቹ ሣሩን ወደ ዳር ገፉና መሐሉን ጠፍጣፋ ሜዳ አደረጉት፤ ለካ የሚሹት ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው ሰውነታቸውን የሚያፍታቱበት ቦታ ኖሯል። ከዛፍ ሥር ደግሞ የጨዋታ ጠረጴዛ አኖሩ። መናፈሻው እንደዚያው ተሠራ፤ ማለዳም ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ኦቦ ጂሬኛ ሳቁ፤ ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። «እነሱስ ቋንቋ አጥተው ነው ዝም ያሉት። እኛ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እየቻልን ነው ዝም የምንለው። ለእኛ ቆርኪሽ ምን ያደርግልናል?»

እውነታቸውን ነበር። በዚያ ሰፈር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ይህ አይሆንም» ማለት የጠራውን ሰው እንደ መስደብ ይቆጠራል። ሰው «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ» ብሎ ያጨበጭባል፤ ተቃውሞውን ከበሩ ውጭ፣ ለጎረቤቱ በጆሮው ይነግረዋል። ይህን ጨዋነት ይሉታል። ጨዋነቱ ስንት ጊዜ እንዳስከፈላቸው ቆም ብሎ ያሰበ ግን የለም።

እሑድ ዕለት ኦቦ ጂሬኛ ስብሰባው ላይ ተገኙ። ያልመጡ እንደሆነ ልጅቱን የናቋት እንዳይመስል ብለው ነው። ሚንሃ በትልቅ ሳንቃ ላይ ጨፌውን በጭቃ ሠርታዋለች፤ አስፋልቱ፣ ወንዟ፣ የሰንበቴው ቤት፣ የአባቷ ሱቅ ሁሉ ቦታ ቦታቸው ላይ ናቸው። ቆርኪው ዛፍ፣ የክብሪት ቀፎው መቀመጫ፣ ቀይ ክሩ መንገድ እንዲሆን ተነጋገሩ። መጀመሪያ ሰው በጨዋታ መልክ ጀመረው። የእድሩ ጸሐፊ አቶ የሺጥላ፣ በጡረታ የተገለሉ ሾፌር ናቸው፣ ክሩን ከአስፋልቱ እስከ ገዛ ቤታቸው በር ዘርግተው ሰውን አሳቁት። ሴቶቹ ቀፎዎቹን ከአስፋልቱ ርቀው ደረደሩ። ከሰፈሩ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ድንቅቱ አንድ ቆርኪ አንሥተው ወንዟ ዳር አኖሩና «ይህ ጽድ ነው፤ ባሕር ዛፍ ያደረገው ሰው እጁ ይሰበር» አሉ።

ኦቦ ጂሬኛ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። በተራ የመጣው ሁሉ የጨፌውን መሐል ይዘላል። የአንዲት ሴት እጅ ቆርኪ ይዞ ወደ መሐሉ ይሄድና ይመለሳል። አንዱ ሌላው ያኖረውን ቆርኪ በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ዳር ያወጣዋል። ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ የተናገረም የለም። ሁሉም ስለሚያውቅ ነበር።

ሚንሃም መሐሉ ባዶ መቅረቱን አየች። «እዚህስ ምንም የፈለገ የለም? እንግዲያውስ ክብ የአበባ መደብ እናድርግበት፤ መካከሉ ላይ ፏፏቴ ይሆናል» አለችና ሰማያዊ የጠርሙስ ክዳን መሐሉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ ሐሳብ እንዳለ ጠየቀች።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው «ጥሩ ነው» አለ፤ ተጨበጨበ። ኦቦ ጂሬኛ መርቁ ተባሉና መረቁ።

ከበሩ ሲወጡ አቶ የሺጥላ ክንዳቸውን ያዟቸው። «ምን ፊትህን ታጠቁራለህ? ይትከሉት። ቀኑ ሲደርስ አበባውን ነቅለን ድንኳናችንን እንተክላለን።»

«ፏፏቴውንስ?»

«ፏፏቴውማ ለለቀስተኛው እጅ መታጠቢያ ይሆናል።»

ያን ቀን ማታ ኦቦ ጂሬኛ እሳት ዳር ብቻቸውን ተቀመጡ። ልባቸው ላይ የመጣው የቦኖው ነገር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት እንዲሁ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ባለሙያዎቹ በወረቀት ላይ ቦታውን ሲያሳዩ፣ በዚያች ጎድጓዳ ስፍራ ከሰኔ እስከ መስከረም ውኃ እንደሚተኛባት ከሁሉም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ በልጅነታቸው ከብት ሰጥሞባቸው በገመድ ያወጡት ከዚያው ነው። «እንግዳ አሳፍሬ ምን አገኛለሁ» ብለው ዝም አሉ፤ አጨበጨቡም። ቦኖው ተሠራ፤ በመጀመሪያው ክረምት ሰጠመ። ገለቴ አምስት ዓመት ሙሉ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከላይኛው ሰፈር ውኃ ቀዳች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወገቧን ይዛ ቁጭ እንዳለች፣ «አውቀህ ዝም አልክ አይደል?» አለቻቸው። ሌላ አልጨመረችም። እሳቸውም ያኔ አልመለሱላትም፤ አሁን ደግሞ መልስ ቢያገኙ የሚሰጧት ሰው የለም።

በማግሥቱ ጠዋት አብዶ ሱቅ ሄዱ። ሚንሃ ወደ ሥራዋ ልትወጣ ስትል በር ላይ ደረሱባት።

«ያንን ሰማያዊ ክዳን አንሺው» አሏት።

«ለምን? ትናንት ተስማምተን የለም?»

«ማንም አልተስማማም። ያ የድንኳን ቦታ ነው።»

ሚንሃ ቦርሳዋን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የአዴ ገለቴ ለቅሶ ላይ በእናቷ ቦት ጫማ ሦስቱንም ቀን መጥታለች፤ ያዘመመውን ምሰሶ ደግፈው ካቆሙት አንዷ እሷ ነበረች። ይህን ሁሉ እያወቀች አልታሰባትም። «መናፈሻ ስል ለደስታ የሚመጣውን ሰው ብቻ ነው ያሰብኩት» አለች። «አምስት ዓመት ስማር ለቅሶ የት እንደሚቀመጥ የነገረን አንድም መጽሐፍ የለም። ግን ሁላችሁም ታውቁ ነበር። ለምን አንድ ሰው አልነገረኝም?»

«ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ልጅ አዋቂው ባለበት፣ ማን ተነሥቶ ‹ስንሞት የት ታስለቅሱናላችሁ› ይላል? ሟርት ነው። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሚሞተውን ሰው እሱ የጠራው ይመስላል።»

«እሺ። አሁን የሚሻለውን ይንገሩኝ።»

«ጨፌውን እንዳለ ተዉት። ለለቅሶ ይሁን። ሐዘን በተቀመጥንበት መሬት ላይ ልጅ ኳስ ሲለጋ ማየት አልችልም። ገለቴን የሸኘሁት እዚያ ነው።»

ሚንሃ በርጩማ አቀረበችላቸው፤ ከተቀመጡ በኋላ እሷም ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ቢቆጡኝም እጠይቅዎታለሁ። አምና እድሩ ስንት ጊዜ ድንኳን ተከለ?»

ዳኛ ናቸውና አልተጨነቁም። «አሥራ አንድ።»

«ሦስት ሦስት ቀን ቢሆን ሠላሳ ሦስት ቀን ነው። በቀሪው ጊዜ ማን ይጠብቀዋል?»

«ባዶ ይቀመጣላ። ባዶ መሬት እህል አይጠይቅ።»

«እዚህ አገር ባዶ መሬት ባዶ ሆኖ ይቀመጣል? ባለፈው ማክሰኞ እኔን ሲያዩ ማን መሰልኩዎት? በወንዟ በኩል ያለው አጥር በሁለት ዓመት ውስጥ ስምንት እርምጃ ወደ ጨፌው ገብቷል፤ ከድሮው ካርታ ጋር አስተያይቼ ለክቼዋለሁ። በአስፋልቱ በኩል ደግሞ ቆሻሻ እየተደፋ ነው። ሰው የማይውልበትን ቦታ የሚጠብቀው የለም። ልጆች የሚጫወቱበት፣ እናቶች የሚቀመጡበት ከሆነ ግን አንድ ካስማ እንኳ ቢተከል ያን ዕለት ይታወቃል። ለድንኳንዎ ዘበኛ የሚሆኑት ልጆቹ ናቸው ኦቦ ጂሬኛ።»

አጥሩን እሳቸውም አይተውታል። ማን እንዳስገባውም ያውቃሉ። ይህንንም አልተናገሩም ነበር።

«ለቅሶውስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ክብሩስ?»

«አምና በጭቃው ውስጥ ክብር ነበረው?»

ከባድ ቃል ነበር፤ እሷም ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። ኦቦ ጂሬኛ ግን አልተቆጡም። ሦስት ወር ሙሉ ለማንም ያልነገሩትን ነገር ሌላ ሰው ተናገረላቸው። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «አልነበረውም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ስለ ሥራው ሆነ። ሚንሃ መሐሉን በድንጋይና በጠጠር ከፍ አድርጎ መደልደል፣ ዙሪያውን ቦይ መቆፈር እንደሚቻል አስረዳቻቸው። ምሰሶ የሚገባባቸው የብረት ቀለበቶች በሲሚንቶ ተቀብረው ክዳን ይደረግላቸዋል፤ ድንኳን በሌለ ቀን ልጅ አይሰናከልባቸውም። ኦቦ ጂሬኛ ደግሞ ውኃው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚሄድ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየሳሉ አሳዩአት። ቦዩ እሷ እንዳሰበችው በአስፋልቱ በኩል ከሆነ ውኃው ተመልሶ ሰፈሩ ውስጥ እንደሚገባ ነገሯት። ጽፋ ያዘችው።

«በሉ እንግዲህ፣ እሑድ ይህንኑ ለሰው ይንገሩ» አለቻቸው።

«አንቺ ንገሪያቸው እንጂ። የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ከተናገርኩማ ያችው ሟርተኛ እኔ ነኛ። ‹የአብዶ ልጅ ሞት ጠራችብን› ይሉኛል። እርስዎ ግን ባለ ሐዘን ነዎት። ሞት ቤትዎ ገብቶ ወጥቷል፤ እርስዎ ስሙን ቢያነሡት ጠሩት የሚል የለም።»

ኦቦ ጂሬኛ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ። ባለ ሐዘን መሆናቸው ለአንድ ነገር ይጠቅማል ብሎ የነገራቸው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ ከመጀመሪያው ይልቅ ሞላ። ሚንሃ ስታስጀምር ኦቦ ጂሬኛ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። አቶ የሺጥላ ውኃ አቀበሏቸው።

«ባለፈው ተሰብስበን አጨበጨብን» አሉ ኦቦ ጂሬኛ። «መረቅሁም። ዋሽተን ነው። ከበር ስንወጣ አበባውን እንደምንነቅለው ተነጋግረናል። መሐሉን ሁላችሁም ለምን እንደዘለላችሁት እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። ገለቴን ያለቀስንባት ቦታ ነው። በጭቃ ነው የሸኘኋት። እኅቶቿ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የገቡት። እኔ ዳኛ ሆኜ፣ ውኃው የት እንደሚተኛ እያወቅሁ፣ እንግዳ እንዳላሳፍር ብዬ ስንት ዓመት ዝም አልኩ። የቦኖውንም ነገር ያኔ አውቅ ነበር፤ አልተናገርኩም። ሚስቴ ነች የተሸከመችው። አሁን እናገራለሁ። መሐሉ የድንኳን ቦታ ይሁን፤ ደረቅ ይሁን፤ ድንኳን በሌለበት ቀን ደግሞ ልጆቻችን ይጫወቱበት።»

አንዳንዱ መሬት መሬት ያያል፤ አንዲት ሴት ፊቷን አማተበች። ያን ጊዜ እማማ ድንቅቱ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምን ትደነግጣላችሁ? ተራው የኔ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ» አሉ። «ጂሬኛ፣ ጠጠሩን በደንብ አስደልድለው። ሪህ ያለበት ሰው ብዙ ነው፤ በኔ ለቅሶ ማንም እግሩ እንዳይበርደው።»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ሳቁ ሲበርድ ሰው አፉ ተፈታ። ሴቶቹ ለለቅሶ ወጥ የሚሠሩበት ጥላ ያለው ቦታ አጥተው ሁልጊዜ በዝናብ እንደሚደበደቡ ተናገሩ። አብዶ በሙስሊሙ ለቅሶ ጊዜ የውዱእ ውኃ ከሩቅ በጀሪካን እንደሚመጣ አነሣና ቧንቧ ከዳር ቢገባ ለሁሉም እንደሚጠቅም አስረዳ። አንዲት እናት መቀመጫዎቹ ፊታቸውን ወደ ልጆቹ እንዲያዞሩ ጠየቀች። አንድ ሰው ፊቱ ቀልቶ ተነሣና በወንዟ በኩል ያለው አጥር የእሱ መሆኑን፣ እሱም ራሱ እንደሚያነሣው ተናገረ። ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፤ እስከ ዛሬ እዚያው ሰፈር ነው ያለው። ሚንሃ እየጻፈች እጇ ደከመ። ሰማያዊውን ክዳን ኪሷ ከተተችው።

ሥራው በየካቲት ተጀምሮ በግንቦት አለቀ። ሰው የነደፈውን ለመሥራት ራሱ መጣ፤ እድርተኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋይ ተሸከመ፣ ቦዩንም ኦቦ ጂሬኛ ባሳዩት በኩል ቆፈረ። ጽዱም ወይራውም ተተከለ፤ ሁሉም የተከለውን ስለሚያውቀው ፍየል የለቀቀ ሰው መድረሻ አጣ።

የመጀመሪያው ድንኳን የእማማ ድንቅቱ አልነበረም፤ እሳቸው ዛሬም አሉ። በሐምሌ የአቶ የሺጥላ ታናሽ ወንድም በድንገት አረፈ። ሦስቱንም ቀን ዘነበ። ውኃው በቦዩ ወርዶ ወንዟ ገባ። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆመ። ለቀስተኛው በጫማው ገብቶ በጫማው ወጣ፤ ስለ መሬቱ ያወራ ሰው አልነበረም። ሁሉም ስለ ሟቹ ብቻ ተናገረ። ኦቦ ጂሬኛ ከአቶ የሺጥላ ጎን ተቀምጠው ይህን ሲያስተውሉ ዋሉ።

በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሣ፣ ክዳኖቹም ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። እናቶቹ ግን ልጆቻቸውን ይዘው ዳር ላይ ቆሙ፤ ወደ መሐሉ የሚገባ ጠፋ። ዓይናቸው የአቶ የሺጥላ በር ላይ ነበር። ኦቦ ጂሬኛም ራሳቸው ምን እንደሚሉ አላወቁም፤ «ኳስ ሲለጋ ማየት አልችልም» ያሉት እሳቸው ነበሩና። ስለዚህ ሄደው ባለ ሐዘኑን ጠየቋቸው።

«ልጆቹ ይግቡ ወይስ እስከ ሰባተኛው ቀን ይቆዩ?»

አቶ የሺጥላ በመስኮት ወደ ባዶው ሜዳ ተመለከቱ። ቀልደኛው ሰውዬ በሦስት ቀን አርጅተዋል።

«ሰው ከሄደ ጀምሮ ጸጥታው ነው የሚገድለኝ» አሉ። «ግቡ በላቸው። ጮክ ብለው ይጫወቱ።»

ኦቦ ጂሬኛ የገለቴ ድንኳን ከተነሣ በኋላ የመጡትን ሳምንታት አስታወሱ። ከደጃቸው ፊት ያ ሰፊ ጨፌ ባዶውን ተዘርግቶ፣ ከቤት እስከ ወንዝ አንድ ድምፅ ሳይሰማ። ክብር ነው ብለው ሊያስቀምጡት የፈለጉት ያንኑ ነበር። ወጡና ለእናቶቹ በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

አሁን ከቡራዩና ከሰበታ ሳይቀር የእድር ሽማግሌዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ሚንሃ ስለ ጠጠሩና ስለ ቦዩ ታስረዳቸዋለች፤ ኦቦ ጂሬኛ ደግሞ ያተረፉትን ይነግሯቸዋል። ለቅሶው በደረቅ መሬት እንደሚቀመጥ፣ ልጆቹ ከአስፋልቱ እንደራቁ፣ አጥር ገፊ እንደጠፋ፣ በክረምት ውኃው ወደ ሰፈሩ መግባት እንዳቆመ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ከአንድ ቧንቧ እንደሚቀዳ። ባለፈው ወር ከቡራዩ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሁሉንም ካዩ በኋላ፣ እነሱ ለማስነደፍ መጀመሪያ መሐንዲስ ይፈልጉ ወይስ መጀመሪያ ለጽሕፈት ቤቱ ያመልክቱ ብለው ጠየቋቸው።

«ሁለቱም ይደርሳሉ» አሏቸው ኦቦ ጂሬኛ። «መጀመሪያ ሰውዎን ይሰብስቡና፣ ከስብሰባ ሲወጡ በር ላይ የሚያንሾካሹኩትን፣ እሱን ውስጥ ይናገሩት። ሊናገር የሚደፍር ካጡ ሐዘን የደረሰበትን ሰው ያስቀድሙት። እሱ የሚፈራው ነገር የለም።»